ኮሮላ ኤክስኪውቲቭ ዘይት ያፈሳል፤ «ሞተር ይውረድ» ተባልኩ። ከመውረዱ በፊት ምን ላጣራ?

የሰሚት_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:15

ሰላም እንዴት ናችሁ። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ቸግሮኝ መጣሁ።

መኪናዬ ኮሮላ ኤክስኪውቲቭ ናት። የ2004 ስሪት፣ 1.6 ቪቪቲ-አይ፣ ማንዋል። ከገዛኋት አራት ዓመቴ ነው። ኪሎሜትሯ 214 ሺህ ይላል፤ እውነቱን የሚያውቁት ከእኔ በፊት የነዷት ናቸው።

ከሁለት ወር በፊት ግቢ ውስጥ የማቆምበት ቦታ ላይ ነጠብጣብ አየሁ። መጀመሪያ የአንድ ብር ሳንቲም ታህል ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት የጀበና ማቶት ታህላለች። ባለፈው ሳምንት አዳማ ደርሼ ስመለስ ደግሞ ባሰባት። በፍጥነት መንገዱ 100 ላይ ነበርኩ። ቤት ስደርስ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ውስጥ ድረስ ገብቷል። መለኪያውን ሳወጣው ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ትንሽ ነው ከፍ ያለው። ከተቀየረ ገና አምስት ሳምንቱ ነው።

ሁለት ጋራዥ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ከስር በባትሪ አየና «ታይሚንግ ካቨሩ (የሞተሩ ቼይን መሸፈኛ) ነው፣ ሞተር ወርዶ ነው የሚሠራው፣ ጉልበት 35 ሺህ፣ ዕቃ ለብቻ» አለኝ። ሁለተኛው ከስርም አልገባም። «እህቴ ይሄ ሞተር ፋሻ ጨርሷል፣ ኦቨርሆል ነው» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። አንዱ ፈሰሰ ይላል፣ አንዱ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቆ ዘይቱ ውስጥ ተቃጠለ ይላል።

እኔም ካርቶን አንጥፌ ከስር ገብቼ አየሁ። በቺንጋው (በጎማ ቀበቶው) በኩል ሁሉም ነገር ጥቁር ነው። ኮፓው (ከስር ያለው የዘይት ገንዳ) ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ከየት እንደመጣች ግን አላውቅም። ብር ከማውጣቴ በፊት ራሴ ላጣራው የምችለው ነገር አለ?

ሳሪስ_አቦ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:40

ምንም አትጨነቂ። ዘይቱን 20ደብልዩ-50 አድርጊው። ወፍራም ዘይት ቶሎ አያፈስም። እኔ ሦስት ዓመት እንዲሁ ነድቻለሁ።

ዲኤክስ_ለዘላለም | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:05

የእኔ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ካርቶን ሳይነጠፍላት አታድርም። ጠዋት ካርቶኑን ሳነሳ ባለቤቴ «ዛሬስ ስንት ሆነ?» ትለኛለች፣ እንደ ልጅ ትኩሳት። መፍትሔ የለኝም፣ አይዞሽ ልበልሽ ብዬ ነው።

ጋሽ_ብሎን | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:30

ልጄ፣ ሳትከፍዪ መጠየቅሽ ጥሩ አደረግሽ። 31 ዓመት ከመኪና ስር ተኝቻለሁ። ሞተር ማውረድ ለጋራዡ እንጀራ ነው፤ አንዳንዴም የግድ ነው። ያንቺ ግን ገና እዚያ አልደረሰም።

ዘይት ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ይጠራቀማል። ኮፓው ጠርዝ ላይ ያየሻት ጠብታ መንገደኛ ናት፤ ቤቷ እዚያ አይደለም። መኪና ሲሄድ ደግሞ ከስር የሚገባው ንፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፊት የጀመረ ዘይት ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ የሚፈለገው እርጥበቱ ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ ከሁሉም ወደ ፊት የጀመረበት ቦታ ነው። ከስር በባትሪ አይቶ የሚፈርድ መካኒክ፣ ግሽ አባይ ሳይወጣ የአባይን ምንጭ ደጀን ድልድይ ስር እንደሚፈልግ ሰው ነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ።

መጀመሪያ የሚፈሰው የሞተር ዘይት መሆኑን እወቂ። ከስሯ ነጭ ወረቀት አንጥፊና አሳድሪው። ቡና ዓይነት ወይም ጥቁር ከሆነ የሞተር ነው። ሽታው የሚከረፋ፣ የድኝ ጠረን ያለው ወፍራም ዘይት ከሆነ የማንዋል ካምቢዮ ነው። ቀይ ከሆነ መሪውን ጠርጥሪ። የቶዮታ የራዲያተር ፈሳሽም ቀይ ነው፤ እሱ ግን ጣት ላይ እንደ ዘይት አይለሰልስም።

ከዚያ ይታጠብ። በቆሸሸ ሞተር ላይ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ላይ ያለው የስንት ዓመት ዘይትና አቧራ ነው፤ የዛሬው ከዓምናው አይለይም። ላቫጆ ስትሄጂ ሞተሩ ይብረድ። ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይርጩበት። ዲናሞውን፣ የፊውዝ ሳጥኑንና የአየር መሳቢያውን በፌስታል አስሪ። ዘይት የጋገረበትን ቦታ ላምባ በነከረ ብሩሽ ይፍቁት፤ ቤንዚን እንዳይነካው። የውሃ ግፊቱን ሽቦና ሶኬት ላይ አያድርጉ። አጠገባቸው ቁሚ። ካልቆምሽ ፌስታሉን ራሱ ያጥቡልሻል።

ሲደርቅ 20 ደቂቃ ንጂውና በባትሪ ከላይ ወደ ታች እዪ። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ዙሪያውን፣ የዘይት ፊልትሮው አንገት፣ የዘይት ስዊቹ፣ ከዚያ ታይሚንግ ካቨሩ፣ የክራንክ ፓራሊዮ (የሚዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ ዘይት የሚያግድ ጎማ)፣ መጨረሻ ኮፓው። ካንዴላዎቹንም አስወጥተሽ ጉድጓዳቸው ውስጥ ዘይት ካለ ንገሪኝ።

ሳሪስ_አቦ ወንድሜ፣ ወፍራም ዘይት ቀዳዳ አይደፍንም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ወደ ላይ ለመውጣት ይዘገያል። ለዚህ ሞተር የታዘዘው 5ደብልዩ-30 ነው።

ዳዶ_10 | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:10

ጋሽ ብሎን ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ሁለተኛው መካኒክ አነጋገሩ ቢያስቀይምም መነሻ አለው። ይሄ የዜድ ዜድ ሞተር ቤተሰብ በዘይት መጠጣት ስሙ የተነሳ ነው፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ 1.8ቶች። ፒስቶኑ ላይ የዘይት ፋሻው ያለበት ቦታ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ነበሩ። በካርቦን ይደፈናሉ። ቶዮታ በኋላ ፒስቶኑን አሻሽሎታል። ስለዚህ ሁለት ችግር አብሮ ሊኖርባት ይችላል።

መለየት ቀላል ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በማርሽ ይዘሻት ውረጂ፣ ጋዝ ሳትረግጪ። ታች ስትደርሺ ረገጥ አድርጊ። ከኋላ የሚከተልሽ ሰው ሰማያዊ ጭስ ካየ እየጠጣች ነው። ምንም ካላየ ማፍሰሱ ላይ አተኩሪ።

ፒሲቪ ቫልቩንም (የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ የሚያስወጣውን) አውጥታችሁ ነቅንቁት። ቅጭል ቅጭል ካለ ደህና ነው። ዝም ካለ ተደፍኗል፤ ሞተሩ ውስጥ የታፈነው ትንፋሽ ዘይቱን በየጓርኒሲዮኑ (በየመጋጠሚያው ማሸጊያ) እየገፋ ያወጣዋል። አዲስ ፓራሊዮ አስገብቶ ይሄን ያልነካ ሰው በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

ፌርፋክስ_ሾፌር | እሁድ፣ ከጠዋቱ 1:20

ሰላም ከቨርጂኒያ። እኔ ታክሲ ነው የምሠራው፣ ካምሪ አለኝ። እዚህ ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር ቀለም ይሸጣል። ትንሽ ጠርሙስ ናት። ትጨምሪና ትነጂያለሽ፣ ከዚያ ጨለማ ውስጥ በልዩ ባትሪ ስታበሪበት ዘይቱ የወጣበት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ባለፈው ክረምት የእኔን በአሥር ደቂቃ አገኘሁት። የዘይት ፊልትሮው ነበር። የቀየረው ልጅ የአሮጌውን ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ሳያይ አዲሱን ከነጎማው ደርቦበታል። ሁለት ጎማ ተደርቦ አይይዝም።

የሚመጣ ሰው ካለሽ አስልኪው። ባይኖርም ችግር የለም።

ሳሪስ_አቦ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 2:00

ማፍሰስ የሚያቆም ኬሚካልም አለ እኮ። ዘይት ውስጥ ጨምረሽ ትረሺዋለሽ።

ጋሽ_ብሎን | እሁድ፣ ከጠዋቱ 2:25

ሳሪስ፣ አንተ ልጅ ዛሬ እኔን ልትጨርሰኝ ነው። ያ ኬሚካል የደረቀ ጎማ ያለሰልሳል፤ ደህናውንም አብሮ ያሳብጠዋል። ለሽያጭ የምታዘጋጃት መኪና ከሆነች ንገረን።

ልጄ፣ ቀለሙን አትጠብቂ። ፋርማሲ ሄደሽ የሕፃናት ፓውደር ግዢ። ሞተሩ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ የጠረጠርሽውን ጎን በሙሉ ፓውደር በትኚበት፣ ዶሮ ወጥ ላይ ቅመም እንደምትበትኚው፣ ስስ አድርገሽ። ቺንጋው ላይ እንዳይበዛ። ከዚያ ቆማ እያለች ትሙቅና ትንሽ ንጂ። ዘይቱ ነጩ ላይ መንገዱን ራሱ ይጽፍልሻል።

የሰሚት_ልጅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 12:50

እሺ፣ የዛሬ ውሎዬ ይሄው።

ወረቀቱ ላይ ያደረው ጥቁር ቡኒ ነው። የሞተር ዘይት ነው። ላቫጆ ሄድኩ። ጋሼ እንዳሉት ልጁ ዲናሞው ላይ ያሰርኩትን ፌስታል «ይሄ ቆሻሻ ምንድነው» ብሎ ሊፈታው ሲል ደረስኩበት። ከታጠበ በኋላ ሞተሩ እንደ አሉሚኒየም ድስት አበራ። አራት ዓመት የማላውቀው ብሎን ሁሉ ብቅ አለ።

ካንዴላ ጉድጓዶቹ ደረቅ ናቸው። ፒሲቪውን የጎረቤት ልጅ አወጣልኝ፤ ይንቀጫቀጫል። ጭሱንም ወንድሜን ከኋላ አስከትዬ ከእንጦጦ ወርጄ አየሁት። «የፊትሽ ሚኒባስ ነው የሚያጨሰው እንጂ ያንቺ ምንም የለውም» አለኝ።

ከዚያ ፓውደሩ። ዘበኛችን «ለማን ልጅ ነው?» እያለ ሲስቅ ዋለ። 15 ደቂቃ ቆማ ሠራች፣ ሲኤምሲን ዞሬ መጣሁ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሁሉም ነጭ ነው። የቴስታታው ክዳን አንዱ ጥግ ላይ ወዛ ያለ ነገር አለ፤ ግን አልወረደም። ከዲናሞው አጠገብ፣ ሞተሩ ላይ፣ በሁለት ዳዶ የታሰረች ክብሪት ሳጥን የምታህል የብረት ክዳን ነገር አለች። ከእሷ የታችኛው ጠርዝ ቀጭን ቡኒ መስመር ይጀምራል። መስመሩ ወደ ታች እየሰፋ ታይሚንግ ካቨሩ መጋጠሚያ ላይ ይደርሳል። ከዚያ መጋጠሚያውን ይዞ ኮፓው ጠርዝ ድረስ ይወርዳል። ከእሷ በላይ ያለው ፓውደር ደረቅ ነው።

ፎቶ አያይዣለሁ። ምንድናት?

ጋሽ_ብሎን | እሁድ፣ ከምሽቱ 1:15

እሰይ! አገኘሻት።

ታይሚንግ ቼይን ቴንሽነር ትባላለች፤ ቼይኑን የምትወጥር ናት። ውስጧ ዘንግ አለ። ያንን ዘንግ የሚገፋው ስፕሪንግና የሞተሩ የራሱ የዘይት ግፊት ነው። ዘይት በግፊት የሚደርስባት ቦታ ስለሆነች ነው አዳማ መንገድ ላይ የባሰብሽ፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። ክዳኗ ስር አንዲት ክብ ጎማ አለች። ከ20 ዓመት ሙቀት በኋላ ትደርቃለች። በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ነገር ነው። ዘይቱ የሚወርደው በታይሚንግ ካቨሩ መጋጠሚያ ስለሆነ፣ ከስር ላየው ሰው ካቨሩ ነው የሚያፈሰው። የመጀመሪያው ሰውዬ ዋሽቶሽ ላይሆን ይችላል። ቀና ብሎ አላየም።

ዝም ብለሽም እንዳትተያት። ዘይቱ ዲናሞ ውስጥ ከገባ ዲናሞ ትገዣለሽ። ቺንጋውን ከነካው ቺንጋው ያብጣል፣ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል።

ሞተር አይወርድም። ሁለት ባለ 10 ዳዶ ናቸው። ቦታው ለእጅ ጠባብ ስለሆነ ዲናሞውን ማላላት ወይም ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

የሚሠራውን ሰው ግን ይሄን አንብቢለት፦ ቴንሽነሩ ወጥቶ ሳለ ሞተሩ እንዳይዞር። ቁልፍ አይነካ፣ ማርሽ ውስጥ ሆና አትገፋ። ቼይኑ ከላላና ጥርስ ከዘለለ ያኔ በእውነት ሞተር ትከፍቻለሽ። ሲመልሰው ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፍቶ በራሱ መንጠቆ ይያዘው። ዳዶዎቹን ካሰረ በኋላ ክራንኩን በእጅ መፍቻ ትንሽ ወደ ኋላ ሲያዞረው መንጠቆው ይለቃል፤ ከዚያ ወደ ፊት አዙሮ ዘንጉ ቼይኑን መግፋቱን ያረጋግጥ። ይሄን ሳያደርግ ካስነሳው ቼይኑ ይንኳኳል። ዳዶዎቹን ደግሞ ጉልበት እንዳያሳያቸው፤ ትንንሽ ናቸው።

ሳሪስ_አቦ | እሁድ፣ ከምሽቱ 1:30

ከውጭ ዙሪያዋን ሲሊኮን ብትለጠፍስ? ዕቃም አይገዛ።

ዳዶ_10 | እሁድ፣ ከምሽቱ 1:36

በግፊት የሚወጣ ዘይት ከውጭ በተለጠፈ ሲሊኮን አይቆምም ወንድሜ። አንድ ሳምንት ይይዝና ይነሳል።

የሲሊኮን ነገር ከተነሳ የራሴን ልናገር። ከዚህ በፊት የነበረችኝን ቪትዝ የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን ላስቀይር አንድ ጋራዥ ሰጠሁ። ልጁ አዲሱ ጓርኒሲዮን ላይ ዙሪያውን እንደ ኬክ ክሬም ሲሊኮን ቀባው። የሚቀባው ታይሚንግ ካቨሩና ቴስታታው የሚጋጠሙባቸው ሁለት ጥጎች ላይ ነው፣ እሱም ነጥብ ያህል። የቀረው ወደ ውስጥ ተጨምቆ ገባ። ከአምስት ወር በኋላ የዘይት መብራት መብራት ጀመረ። ኮፓው ሲወርድ የፖምፓው ወንፊት ላይ ቀይ የሲሊኮን ቁርጥራጭ ተለጥፏል፣ እንደ በርበሬ ቆዳ። ሞተሩ ለጥቂት ነው የተረፈው።

የሰሚት_ልጅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 1:50

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ነገ ሶማሌ ተራ ልሂድ። ጎማዋን ብቻ ነው ወይስ ሙሉ ቴንሽነሩን ልግዛ?

ጋሽ_ብሎን | እሁድ፣ ከምሽቱ 2:05

ሲነሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ከቺንጋው በኩል ብረት የሚንኳኳ ድምፅ ከሌለ ጎማዋ ትበቃለች። የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ኦሪጅናሏን ጠይቂ። በመጠን ለክተው ከካርቶን ሙሉ ጎማ መሃል አንዷን ሊሰጡሽ ይሞክራሉ። ለውሃ ቧንቧ የተሠራች ጎማ ትኩስ ዘይት ውስጥ ታብጣለች፣ ትበላሻለች። በዓይን ደግሞ ሁለቱ አይለዩም።

የሰሚት_ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

ተሠራ!

ሶማሌ ተራ አራት ሱቅ ዞርኩ። የመጀመሪያው «ጎማው ለብቻ አይመጣም፣ ሙሉውን ግዢ» አለኝ። ሁለተኛው ጋሼ እንዳሉት ካርቶን አወጣና ጣቱ ላይ እየለካ ይመርጥልኝ ጀመር። አራተኛው የሻንሲ ቁጥሩን አስገብቶ በስንት ደቂቃ አመጣት። ፌስታል ውስጥ ያለች አንዲት ጥቁር ቀለበት። ዋጋዋን ስሰማ የሳቅኩት፣ ለመሄጃና ለመመለሻ የከፈልኩት ታክሲ በልጧት ነው።

ሥራውን ጎረቤቴ የሚያውቀው መካኒክ ግቢያችን መጥቶ ሠራው። ጋሼ የጻፉትን ጮክ ብዬ ሳነብለት መጀመሪያ ገላመጠኝ። መንጠቆው ጋ ስደርስ ግን «ቆይ እስኪ ድገሚልኝ» አለ። ዲናሞውን ትንሽ አላላው። እጁ እየገባ አልወጣ እያለ ሁለት ሰዓት ፈጀበት።

አሮጌዋ ጎማ አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ሆኗል። ጎማ አትመስልም፣ ፕላስቲክ ነገር። ትንሽ ጎንበስ ሳደርጋት እንደ ደረቀ ፓስታ ቀጭ ብላ ለሁለት ተሰበረች። መኪና ውስጥ ሳንቲም ማስቀመጫው ላይ አድርጌያታለሁ።

እዚያው እያለን ፓውደር በተንኩ (ተረፈ እኮ)። ለሃያ ደቂቃ ሠራች። ነጭ ናት።

ዲኤክስ_ለዘላለም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:45

እንኳን ደስ አለሽ። ባለቤቴ ይሄን ክር አንብባ ዛሬ ፓውደር ገዝታ መጣች። እኔ ፈራሁ። የእኔዋን ከበተንኩባት ነጭ የሚቀር ቦታ የሚኖር አይመስለኝም።

ጋሽ_ብሎን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

ዲኤክስህን መጀመሪያ እጠባት። ፓውደሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ልጄ፣ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙዪና የኪሎሜትሩን ቁጥር ጻፊው። በየሳምንቱ ጠዋት ሳታስነሺ፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ለኪ። ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ስንት እንደምትጨርስ በእሱ ታውቂዋለሽ። የክዳኑን ጥግ ደግሞ እያየሽ ቆዪ። ወዝ ብቻ ከሆነ አሁን አይነካም። መውረድ ሲጀምር ጓርኒሲዮኑን ትቀይሪያለሽ።

የሰሚት_ልጅ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ 4:10

ጋሼ እንዳሉኝ እየለካሁ ነው፦ 870 ኪሎሜትር ነድቻለሁ። አዳማም አንዴ ደርሻለሁ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በጣም ትንሽ ነው ዝቅ ያለው። ሽታው የለም። ወረቀቱን አሁንም ማታ ማታ አነጥፋለሁ፣ ሱስ ሆኖብኝ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ነጥብ አገኘሁና ደነገጥኩ። ጋሼ እንዳስተማሩኝ በጣቴ ነካኋት፤ ውሃ ናት። ትናንት ኤሲ ከፍቼ ነበር።

የክዳኑ ጥግ ያው ወዛም ነው። አልወረደም።

ቪትዝ_ገዛሁ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 4:55

ጋሽ ብሎን፣ ክሩን ሳልቆርጥ አነበብኩት። የእኔ ቪትዝ አውቶማቲክ ናት። እሷም ከስር ታንጠባጥባለች፣ ግን ቀይ ነው፣ እንደ ዘይት ይለሰልሳል። ይሄም ያው ቴንሽነሩ ይሆን?

ጋሽ_ብሎን | እሁድ፣ ከጠዋቱ 5:10

ቀይና ለስላሳ ከሆነ ሞተሩን ተወው። አውቶማቲክ ስለሆነች የካምቢዮ ዘይት ነው። ብዙ ሳትነዳት አዲስ ክር ክፈት፣ ከስር ፎቶ አንሳና ላክ። ታጥባ ግን።